ነጩ ሸክላና አበቦቹ

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። የቆመችበት መሬት ከኮራል፣ ማለትም በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ጠጣር ቅሪት የተገነባ ድንጋይ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ነጫጭ ቤቶቿም ብዙዎቹ የታነጹት በዚሁ ድንጋይ ነው። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ገደማ በሥፍራው ሰፍረው ወደቡን ማልማት ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።) በ1897 ዓ.ም. ከዚያ ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር በነበረው በዚህ ሐዲድ ላይ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ የፋብሪካ ዕቃ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከሚወጣውም ዕቃ መካከል በገለባ ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ የሚጓዝ፣ አወራረዱም አጫጫኑም ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ዓይነት ዕቃ ነበረ፤ ይኸውም ነጭ፣ ስስና አበባ የተሳለበት ሸክላ ነው።

ይህ ሸክላ በአውሮፓ ቋንቋዎች ፖርሴሊን ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የዛጎል መጠሪያ ነበረ፤ ነጭነቱና ልስላሴው የዛጎልን ቅርፊት ስለሚመስል ስሙ ወደ ሸክላው ተላለፈ። በአማርኛ «ሲኒ» የሚለው ቃል ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ስለሚሏት ከዚያ የሚመጣውን ሸክላ «ሲኒ»፣ ማለትም «የቻይና» ብለው ጠሩት፤ ቃሉም ከዕቃው ጋር ባሕር ተሻግሮ ገባ። እንግሊዞችም በበኩላቸው ይህንኑ ሸክላ «ቻይና» ይሉታል። ስለዚህ በረከቦት ላይ የተደረደረችው ሲኒና በእንግሊዝ አገር ሳሎን ውስጥ የሚታየው የአበባ ማስቀመጫ በስማቸው የአንድ አገር ልጆች ናቸው።

ዕቃው ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባት የጀመረው በባቡር ዘመን አይደለም። ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ የዘይላ ወደብ አካባቢ የቻይና ሸክላ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተባለው ሥፍራ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ቈፍረው ያወጧቸውና በ2017 ዓ.ም. ይፋ የሆኑት ቅርሶችም ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ከየመን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችና ከቻይና ጋር በንግድ የተገናኙ እንደነበሩ ያስረዳሉ። ባቡሩ የተከተለው የአሮጌውን የሲራራ ነጋዴ አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አንድ ሰው በጅቡቲ ከተማ ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ወይም በገበያ መካከል ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከንፈሩና እግሩ በወርቅ የተቀባ፣ ሆዱ ላይ ጽጌረዳና ሌሎች የአትክልት አበቦች የተሳሉበት የአበባ ማስቀመጫ አገኘ እንበል። ነጋዴው «የእንግሊዝ አገር ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል» ይለዋል። ዋጋውም በዚሁ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ገዥው ነጋዴውን ማመን ወይም አለማመን አለበት፤ ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ይህም ዕቃውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሸክላ ስለ ራሱ ብዙ ይናገራልና። ንግግሩን ለመስማት ግን በመጀመሪያ እንዴት እንደተፈጠረ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ቡና ሲፈላ ሁለት የሸክላ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጀበናው ከተራ የሸክላ አፈር በእጅ ተሠርቶ በሜዳ ላይ እሳት የሚተኰስ ነው፤ የእሳቱ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም። በዚህ ሙቀት አፈሩ ይጠነክራል እንጂ አይቀልጥም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለማይደፈን ያልታጠነና ያልታሸ አዲስ የሸክላ ዕቃ ውሃ ያዥቃል። ሲኒው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የሚሠራው ካኦሊን ከተባለ ነጭ አፈርና በእሳት ከሚቀልጥ የድንጋይ ዱቄት ሲሆን፣ የሚተኰሰው ከ1,250 እስከ 1,400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። በዚህ ጊዜ ድንጋዩ ቀልጦ እንደ መስታወት እየሆነ በካኦሊኑ ቅንጣቶች መካከል ይሰርጋል፤ ካኦሊኑ ደግሞ ሳይቀልጥ ቀርቶ ዕቃው ቅርፁን እንዳይለቅ ይደግፈዋል። አንዱ እንደ ሥጋ፣ ሌላው እንደ አጥንት ነው። ከዚህ የሚወጣው ነገር ውሃ የማያሳልፍ፣ በጥፍር ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ፣ ስስ ሲሆን ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ሸክላ ነው።

ካኦሊን የሚለው ስም የተገኘው በደቡብ ቻይና ጂንግዴዤን በተባለችው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ አጠገብ ካለው ከጋውሊንግ ኮረብታ ነው። አፈሩ በኢትዮጵያም ይገኛል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቦምቦውሃ ከተባለው ሥፍራ የወጣው ካኦሊን በሐዋሳ ለታቦር የሴራሚክ ፋብሪካ በጥሬ ዕቃነት አገልግሏል። ቻይናውያን ፖርሴሊንን አውሮፓውያን ከማወቃቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ይሠሩ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች፣ ቀጥሎም ሆላንዶችና እንግሊዞች በመርከብ እየጫኑ ወደ አውሮፓ ሲያመጡት፣ ነገሥታቱ ከብር ዕቃ እኩል ይመለከቱት ጀመር። ከምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ከእንቁላል ቅርፊት፣ አንዳንዱ ከተፈጨ ዛጎል፣ አንዳንዱም በምድር ውስጥ ለብዙ ዘመን ተቀብሮ ከሚቆይ ጭቃ የሚሠራ ይመስለው ነበር።

ምሥጢሩ በአውሮፓ የተገለጠው በእስር ቤት ውስጥ ነው። ዮሃን ፍሪድሪሽ ቦትገር የተባለ ወጣት መድኃኒት ቀማሚ ተራ ብረትን ወደ ወርቅ እለውጣለሁ እያለ በማውራቱ፣ የሳክሶኒ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ አውጉስት በ1701 ዓ.ም. አስይዞ በጥበቃ ሥር አዋለው። ወርቁ እንደማይወጣ ግልጽ ሲሆን፣ ቺርንሃውስ ከተባለ ሊቅ ጋር ሆኖ የፖርሴሊንን ምሥጢር እንዲመረምር ታዘዘ። በ1708 ዓ.ም. ሙከራው ተሳካ፤ በ1710 ዓ.ም. ማይሰን በተባለች ከተማ ኮረብታ ላይ ባለ ቤተ መንግሥት ውስጥ የመጀመሪያው የአውሮፓ የፖርሴሊን ፋብሪካ ተቋቋመ። ቦትገር ከጥበቃው የተለቀቀው በ1714 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። ንጉሡ ለዚህ ሸክላ ምን ያህል ልቡ የተነደፈ እንደነበረ ለመረዳት አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል፤ በ1717 ዓ.ም. 600 ፈረሰኛ ወታደሮቹን ለፕሩሲያ ንጉሥ አሳልፎ ሰጥቶ በምላሹ 151 የቻይና ፖርሴሊን ዕቃዎች ተቀብሏል። ሰው በሸክላ ሲለወጥ ማየት ዛሬ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ በዘመኑ እንደ ብልህ ግብይት ተቈጥሮ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መልክ ሄደ። እዚያ የሸክላን ሥራ የጀመሩት ነገሥታት ሳይሆኑ ነጋዴዎች፣ አንጥረኞችና ሐኪሞች ናቸው፤ ስለዚህም ፋብሪካው ትርፍ ካላመጣ ይዘጋል። ካኦሊንም በመጀመሪያ ስላልነበራቸው ሁሉም በየፊናው ምትክ ፍለጋ ተሠማራ። ስሙ ዛሬ በእግር ኳስ ቡድን በሚታወቀው በቸልሲ፣ ኒኮላስ ስፕሪሞንት የተባለ የብር አንጥረኛ በ1745 ዓ.ም. ገደማ መስታወት መሰል ዱቄት ከነጭ አፈር ጋር እየደባለቀ ይሠራ ጀመር። ከለንደን በስተምሥራቅ ባለችው በቦው፣ ቶማስ ፍራይ የተባለ ሠዓሊ የከብት አጥንት አመድ ጨመረበት፤ ፋብሪካውንም «አዲሱ ካንቶን» ብለው በቻይና ወደብ ስም ሰየሙት። በዉስተር ከተማ ደግሞ ሐኪሙ ጆን ዎልና ባልንጀሮቹ በ1751 ዓ.ም. ባቋቋሙት ፋብሪካ የሳሙና ድንጋይ የሚባለውን ለስላሳ ድንጋይ ተጠቀሙ። የዉስተር ዕቃ የፈላ ውሃ ሲፈስበት ስለማይሰነጠቅ ሻይ ወዳዶች ሽሚያ ያዙበት፤ የሌሎቹ ፋብሪካዎች የሻይ ማፍያ ትኩስ ውሃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይፈነዳ ነበርና።

እውነተኛውን ካኦሊን በኮርንዎል አውራጃ ያገኘው የፕሊመዝ መድኃኒት ቀማሚ ዊልያም ኩክወርዚ ሲሆን፣ የሥራውን መብት በ1768 ዓ.ም. አስመዘገበ። እንግሊዞች ግን የቻይናን መንገድ እስከ መጨረሻው አልተከተሉም። በ1790ዎቹ በስቶክ ከተማ የሚገኙት የጆሳያያ ስፖድ አባትና ልጅ፣ የቦውን የአጥንት አመድና የኮርንዎልን ካኦሊን አንድ ላይ አጣመሩ። ዛሬም ድረስ የሚጠቀስበት መጠን ግማሹ የተቃጠለ የከብት አጥንት፣ ሩቡ ካኦሊን፣ ሩቡ ደግሞ የኮርንዎል ድንጋይ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው በሻይ ስኒው ውስጥ የበሬ አጥንት መኖሩ ሊደንቀው ይችላል፤ ነገር ግን አጥንቱ በከፍተኛ ሙቀት ከነደደ በኋላ ሥጋም ስብም አይቀርበትም፤ የሚቀረው ነጭ ማዕድን ብቻ ነው። የእንግሊዝ ሸክላ ወተት የመሰለ ሞቃት ነጭነቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከኮርንዎል የሚጫነው አፈር በባሕርና በ1777 ዓ.ም. ሥራው በተጠናቀቀው ቦይ በኩል ወደ ስቶክ ይደርስ ነበር፤ የተሠራው ዕቃም በዚያው በጀልባ ይመለሳል። በጋሪ ከመንገላታት በውሃ ላይ መንሳፈፍ ለሸክላ ይሻላል።

ነጩ ገላ ከተገኘ በኋላ አበባው ይከተላል። አበባን በፖርሴሊን ላይ መሳል በወረቀት ላይ እንደመሳል አይደለም። ዕቃው በመጀመሪያ ይተኰሳል፤ ቀጥሎ መስታወት መሰል ልባስ ተቀብቶ እንደገና ይተኰሳል። ሠዓሊው ብሩሹን የሚያነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀለሞቹ ከማዕድን የሚገኙ ናቸው፤ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ቀዩ ከብረት፣ ቢጫው ከአንቲሞኒ፣ ሐምራዊውና የጽጌረዳው ቀለም ደግሞ በአሲድ ከሟሟ ወርቅ። ከመስታወት ዱቄትና ከዘይት ጋር ተለውሰው ሲቀቡ ግን እውነተኛ መልካቸውን አያሳዩም፤ በመቀባት ጊዜ ደብዛዛ የሆነው ቀለም ከእሳት ሲወጣ የሚያበራ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ሠዓሊው የሚሥለው በዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን ከእሳት በኋላ ይሆናል ብሎ የሚያስበውን ነው። ቀለሙን ከልባሱ ጋር የሚያጣብቀው ሦስተኛው እሳት ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አበባው ይቃጠላል። አንዳንዱ ቀለም ከሌላው ያነሰ ሙቀት ስለሚፈልግ ዕቃው ደጋግሞ እሳት ይገባል፤ ወርቁ የመጨረሻው ነው። በእያንዳንዱ ጊዜም የብዙ ቀን ድካም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከልባሱ በታች ሆኖ ኃይለኛውን እሳት በሚገባ የሚችለው ከኮባልት የሚገኘው ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ሸክላ በዓለም ሁሉ የበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአበቦቹ ምንጭ ሁለት ነበረ። አንዱ የማይሰን ፋብሪካ ምሳሌ ሲሆን፣ እንግሊዞች አንዳንድ ጊዜ የማይሰንን የሰይፍ ምልክት ሳይቀር ገልብጠውታል። ሁለተኛው ሕያው አትክልት ነው። በቸልሲ ፋብሪካ አጠገብ በ1673 ዓ.ም. የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ያቋቋመው የዕፀዋት ሥፍራ ነበረ፤ ከአትክልቱ የተነሡ ሥዕሎች በ1750ዎቹ ወደ ሸክላው ተላለፉ። ቅጠሉ ከነሥሩ፣ ፍሬው ከነዘሩ የሚታይባቸው እነዚህ ሳሕኖች እስከ ዛሬ የሐንስ ስሎን ሳሕኖች ይባላሉ፤ ስሎን የሥፍራው ባለ ውለታ የነበረ ሐኪም ነው። በሥዕሎቹ መካከል ቢራቢሮ፣ ጢንዚዛ ወይም አንድ ብቸኛ ቅጠል ያለ ምክንያት ተጥሎ ይታያል። ምክንያቱ ግን አለ፤ ከእሳት ሲወጣ በልባሱ ላይ የቀረችውን ነቁጥ ወይም ስንጥቅ ለመሸፈን ነው። እንከን ያለበት ዕቃ ከሚጣል ቢራቢሮ ቢያርፍበት ይሻላል።

ከአበባ ሠዓሊዎቹ ሁሉ ሕይወቱ ከዚህ ሸክላ ጋር ከማንም ይበልጥ የተቆራኘው ዊልያም ቢሊንግስሊ ነው። በ1758 ዓ.ም. በደርቢ ከተማ ተወልዶ በ16 ዓመቱ በዚያው ባለው የፖርሴሊን ፋብሪካ በተለማማጅነት ገባ። እስከ እርሱ ድረስ ሠዓሊዎች የጽጌረዳን ቅጠል ሲሥሉ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ ይተዉ ነበር። ቢሊንግስሊ ግን አበባውን በሙሉ በደማቁ ቀባው፤ ከዚያም ቀለሙ ሳይደርቅ በባዶ ብሩሽ ብርሃን የሚሻበትን ቦታ እየጠረገ አነሣው። አበባው በዚህ ጊዜ ለስልሶና ክብ ሆኖ ከነጩ ገላ ውስጥ የበቀለ መሰለ። ፋብሪካው ከፍ ያለ ስም አገኘበት። ሠዓሊዎች በሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም ነበርና፣ የእርሱን እጅ ሰዎች የሚለዩት በዚህ የጽጌረዳ አሳሳል ነው።

ቢሊንግስሊ በሥዕሉ ብቻ ቢረካ ኖሮ በደርቢ ጠግቦ ባረጀ ነበር። እርሱ የፈለገው ግን ለአበቦቹ የሚገባ ነጭነት ያለው ሸክላ ራሱ መሥራት ነበር። በ1796 ዓ.ም. ደርቢን ትቶ ወጣ፤ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካም ተንከራተተ። በዉስተር ሳለ ምሥጢሩን ለሌላ ላይገልጥ ውል ቢገባም፣ ከአማቹ ከሳሙኤል ዎከርና ከሴቶች ልጆቹ ጋር ከዚያ ሸሽቶ ስሙን ለውጦ በ1813 ዓ.ም. በዌልስ ናንትጋሩ በተባለ መንደር አነስተኛ እቶን አቆመ። እዚያ የሠራው ፖርሴሊን በነጭነቱና በብርሃን አሳላፊነቱ እንግሊዝ አገር ካየቻቸው ሁሉ ይበልጣል ሲሉ ብዙ አዋቂዎች ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ቅመሙ በእሳት ውስጥ ለመቆም የማይችል እጅግ ስስ ነበረ፤ ከእቶን ሲወጣ ከ10 ዕቃ ዘጠኙ ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ይገኝ ነበር ይባላል። አበዳሪዎቹ ገንዘባቸውን አጡ። በስዋንሲ ያለ ፋብሪካ ጠርቶ ቢያሠራውም ውጤቱ አንድ ሆነ፤ ወደ ናንትጋሩ ተመለሰ። በ1817 ዓ.ም. ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ሞቱበት። በመጨረሻ በኮልፖርት ፋብሪካ ተቀጥሮ በ1828 ዓ.ም. ሞተ። የተረፉት የናንትጋሩ ሳሕኖች ዛሬ በቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል። ጥቂት ነጭነቱን ቀንሶ ጥቂት ጥንካሬ ቢጨምርበት ኖሮ ሀብታም ይሆን እንደነበረ መናገር ቀላል ነው፤ ስፖዶች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስቶክና የአካባቢዋ ፋብሪካዎች ሸክላን ለዓለም ሁሉ ማቅረብ ሲጀምሩ ሥራው የጥቂት ባለ ሙያዎች መሆኑ ቀረ። ሳሎን ውስጥ የሚያበራው ነጭነት የተገኘው በምን ዋጋ እንደሆነ ከአበባው ሥዕል አይታይም። ስሱ ዕቃ በእቶን ውስጥ እንዳይጣመም በተፈጨ ባልጩት ውስጥ ተቀብሮ ይተኰስ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ሴቶች ዱቄቱን በብሩሽ ይጠርጋሉ። ይህ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ሞተዋል። በልባሱ ውስጥ እርሳስ ይጨመር ስለነበረ ዕቃውን እየነከሩ የሚያወጡት ሠራተኞች እጃቸው ይሽመደመድ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ሕፃናት ሠራተኞች ያስደረገው ምርመራ፣ ሕፃናት ገና እርጥብ የሆነ ሸክላ የተሸከመ ቅርጽ ማውጫ ይዘው ከሠሪው ወደ ማድረቂያው የጋለ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ እንደሚውሉ ገልጿል። ባልጩቱ በሌላ ጉዳት በሌለው ዱቄት የተተካው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

የርካሽነቱ ሌላው ምክንያት ኅትመት ነው። ከ1750ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ፣ በስስ ወረቀት ላይ አትሞ፣ ወረቀቱን በሸክላው ላይ መለጠፍ ተለመደ። አንድ ሰሌዳ በመቶ የሚቈጠሩ ዕቃዎችን ያስጌጣል። በኋላም የታተመውን መስመር ልጃገረዶች በቀለም እንዲሞሉት ይደረግ ጀመር። በሲኒዎች ላይ ዛሬ የሚታየው አበባም በአብዛኛው የሚለጠፍ የኅትመት ሥራ ነው።

እንግዲህ በጅቡቲ ከተማ የቆመው ገዥ የአበባ ማስቀመጫውን አንሥቶ ወደ ፀሐይ ይያዘው። ፀሐይ በዚያች ከተማ አይጠፋም። ከዕቃው በስተጀርባ የጣቶቹ ጥላ ከታየ ፖርሴሊን ነው፤ ካልታየና ገላው ወፍራም ካልሆነ ተራ ሸክላ ነው። የሚያልፈው ብርሃን የወተት ቀለም ያለው ከሆነ የአጥንት አመድ እንዳለበት ይጠረጠራል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነጭ ከሆነ ግን የፈረንሳይ ወይም የጀርመን መሆኑ አይቀርም። በእርግጥ ጅቡቲ እስከ 1977 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ በዚያ የሚገኝ አሮጌ ፖርሴሊን ከእንግሊዝ ይልቅ የሊሞዥ ሥራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እንግሊዛዊ ቢሆን በኤደን በኩል፣ ወይም ከመርከብ ወደ መርከብ ተሸጋግሮ የደረሰ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በጥፍሩ ቀስ ብሎ ይምታው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለበት። ከዚያም ገልብጦ እግሩን ይመልከት። «እንግላንድ» የሚል ጽሕፈት ካለበት ብዙውን ጊዜ ከ1891 ዓ.ም. በኋላ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይህን መጻፍ ጀመሩ። የፋብሪካ ምልክት ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በፓሪስ ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የሳምሶን ቤት የቸልሲንና የዉስተርን ዕቃ ከነምልክቱ እያስመሰለ ሲሠራ ኖሯል፤ ያሳበቀበትም ያው ቀዝቃዛው ነጭነት ነው። ምልክትን ማስመሰል ከአፈር ቅመም ይልቅ ይቀላል።

በመጨረሻ ጣቱን በአበባው ላይ ያሳልፍ። በእጅ የተቀባ ቀለም ከልባሱ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የብሩሹ ጉዞ፣ መጀመሪያ ተጭኖ ኋላ የቀጠነበት ይለያል፤ ታትሞ የተለጠፈው ግን በነጠብጣብ ወይም በእኩል መስመር የተሞላ ነው። ሁለት ጽጌረዳዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ የሠራቸው ሰሌዳ ነው፤ ሰው አንድን አበባ ሁለት ጊዜ አይሥልም።

የጅቡቲ ሙቀትና የባሕር አየር ፖርሴሊንን አይጎዱትም፤ ብረቱ ሲዝግና እንጨቱ ሲጣመም እርሱ እንደነበረ ይቆያል። የሚጎዳው የሰው እጅ ነው። ከልባሱ በላይ ያለው ወርቅና የአበባው ቀለም በአሸዋ፣ በአመድና በሻካራ ጨርቅ በታሸ ቁጥር ይፋቃል፤ በየቀኑ የምትታጠብ የሲኒ ከንፈር ወርቋን ቀድማ የምታጣው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ያለው ሲኒ ዛሬ በአብዛኛው እንደ ስሙ የቻይና ሥራ ሲሆን፣ ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውም በመኪና ወይም በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ቻይናውያን በሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከተፋቀም በኋላ ዕቃውን ወደ ጎን አዘንብሎ በብርሃን ለሚመለከት ሰው፣ አበባው የነበረበት ቦታ በሚያብረቀርቀው ልባስ ላይ ደብዛዛ ሆኖ፣ ቅጠሉና ግንዱ ሳይቀር ይታያል።